አየህ መጣ

አንበጣው ድሬዳዋ የገባ ዕለት ከተማው መጀመሪያ የጠየቀው «ጫት ይበላል ወይ?» የሚል ነበር። ማሽላ መብላቱን ሁሉም ያውቃል፤ ያ ከከተማው ውጪ ያሉት የዋሂል ገበሬዎች ጉዳይ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሸቀጣቸውን በላስቲክ የሸፈኑ ነጋዴዎች፣ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀው የተቀመጡ ተሳፋሪዎች፣ የኛ ሰፈር አዛውንቶች ሳይቀሩ ወደ ሰማይ አንጋጠው የተጨነቁት ስለ ቀትሩ የጫት ጭነት ነበር። መኪናው ከነጫቱ በሰዓቱ ሲደርስ የከተማው ጭንቀት በግማሽ ቀነሰ። በቀረው ግማሽ ጭንቀት ሰው ስልኩን አውጥቶ ከአንበጣው ጋር ፎቶ ተነሳ።

ክረምቱ ወጥቶ አጨዳ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በአንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ተቀጥሬ የሌሎች ሰዎችን ደብዳቤ አርም ነበር፤ የተማርኩት አማርኛ ስለሆነ። አንበጣው በመጣ በማግስቱ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉ አንበጣ እንዳይገባበት መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ስለ አንበጣ ግማሽ ቀን ተወያየና በላብ ታጥቦ ወጣ። የውይይቱ ፍሬ አንድ ስልክና አንድ ቅጽ ነው። መድኃኒት የሚረጨው መኪና አንድ ብቻ ስለነበር ገበሬው ይደውላል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ኃላፊው ይፈርማሉ፣ መኪናው ቅጹ ወዳመለከተው ይሄዳል።

«ቋንቋ ነው አይደል የተማርሽው?» አሉኝ ኃላፊው። «ስልኩን አንቺ ያዢ።»

የተማርኩት አንድ ቋንቋ ብቻ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሰዎች ስለነበሩ መልሼ ዘጋሁት።

እውነቱን ለመናገር ከዚራ ሰፈር ተወልጄ አድጌ ኦሮምኛም ሶማሊኛም የማውቀው እስከ ሰላምታው ድረስ ነው። ከሰላምታው በኋላ ፈገግ እላለሁ። የድሬ ልጅ ሁሉንም ይችላል ተብሎ ስለሚታመን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰዎች ሲስቁ እስቃለሁ፤ ከንፈር ሲመጥጡ እመጥጣለሁ። በዚህ ዘዴ እስከ ዲግሪ ደርሻለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከደወሉት ውስጥ አንድም ገበሬ አልነበረም። አንዲት ሴት ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ አንበጣ አርፎበት ማን መልሶ እንደሚያጥብላት ጠየቀች። አንድ ሰው የሠርግ ድንኳኑ እንዲረጭለት ፈለገ። «እንግዶቹ ከውስጥ ናቸው?» ስለው «ታዲያ የት ይሁኑ?» ብሎ ተቆጣኝ። ቅጹ ላይ «የአንበጣው ብዛት በቁጥር» የሚል ሳጥን ነበር። ኃላፊው ባዶ ሳጥን አይወዱም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ደዋይ ስንት እንደሆኑ እጠይቅ ነበር። አንዱ «ቆይ» ብሎኝ ሊቆጥር ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። ከኋላቸው ጀሪካን ይደበደባል፣ ሴቶች ይጮኻሉ።

«ልጄ፣ ከዋሂል ነኝ። አየህ መጣ!»

«ማን መጣ አባባ?»

«አየህ! ማሽላዬን በላው! ሰማሽ? ለአጨዳ ጥቂት ቀን የቀረውን ማሽላ!»

«ማን ነው የበላው?»

«አየህ ነዋ!»

«አላየሁም አባባ። እኔ ያለሁት ቢሮ ነው።»

«ወላሂ እየበላ ነው! ዛሬ ካልደረሳችሁ ለነገ የሚተርፍ የለም። ቤተሰቤ ዓመቱን የሚበላው እሱን ብቻ ነው። መኪና ላኪ። ፍጠኝ!»

«ሰውየውን ያውቁታል?»

ከዚያ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩና ስልኩ ተዘጋ። እኔም ፈገግ አልኩ። ስልክ መሆኑን ረስቼው ነው።

እሳቸውን የተረዳኋቸው እንዲህ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ «አየሽ» ሊሉኝ ፈልገው «አየህ» አሉኝ፤ ወንድና ሴት ያምታታሉ። እንዲህ የሚናገር ሰው በትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ሲሳቅበት አይቻለሁ። እኔ ግን የተማርኩ ስለሆንኩ አልሳቅኩም፤ በሆዴ ይቅር አልኳቸው። ከዚያ ቅጹን ባማረ አማርኛ ሞላሁት፦ «ማንነቱ ያልተገለጸ ግለሰብ ወደ ደዋዩ ማሳ በመግባት ማሽላ እየበላ መሆኑ ተነግሯል። የግል ጠብ ስለሚመስል ለአካባቢው ፖሊስ ቢመራ።» ብዛት በሚለው ሳጥን ውስጥ «1» ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊው ፈረሙ። ቁጥሩ ግልጽ በመሆኑም አመሰገኑኝ። መኪናው ያን ቀን የመሥሪያ ቤታችንን ግቢ ዛፎች እንዲረጭ ታዘዘ፤ እንግዳ ሊመጣ ነበር።

ድሬዳዋ በሙቀቱ ምክንያት ቢሮ ከቀትር በፊት ተዘግቶ የሚከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልንወጣ ስንል መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎችና የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቆመው ያወራሉ። እኔ ሰው ፊት ቀልድ አልናገርም። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ የሽማግሌውን ድምፅ አስመስዬ «አየህ መጣ! አየህ በላ!» አልኳቸው። ጸሐፊዎቹ ሳቁ። እቤቷ ሶማሊኛ የምትናገረው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግን የያዘችውን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንዴት ነው ያሉሽ? እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። በሁለተኛው ላይ ያን ያህል አያስቅም።

«አንቺ ልጅ! አየህ እኮ አንበጣ ነው!»

«የቱ አንበጣ?»

«በሶማሊኛ! መጨረሻዋን ከጉሮሮ ነው የምታወጫት። አንበጣ መጣ፣ አንበጣ በላ ነው ያሉሽ።»

«እኔ ደግሞ ሴትና ወንድ ያምታቱ መስሎኝ...»

«ሌላውን ምን አሉሽ?»

«ሰማሽ አሉኝ። መኪና ላኪ አሉኝ። ፍጠኝ አሉኝ።»

«ታዲያ ፍጠኝ ማለት የቻለ ሰው አየሽ ማለት ያቅተዋል? ወላሂ አንቺ በምንድን ነው የተመረቅሽው?»

አንደኛዋ ጸሐፊ «በአማርኛ» ብላ መለሰችልኝ። ያኛው ቀልድ ከእኔው የበለጠ አሳቃቸው።

ወደ ሽማግሌው ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። መኪናው ያለ ኃላፊው ቃል አይንቀሳቀስም፤ ኃላፊው ደግሞ ያን ሰዓት ስልካቸውን ዘግተው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ወዳጃቸው ቤት ይቅማሉ። ይህን የማያውቅ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የለም፤ በዚያ ሰዓት የሚፈልጋቸውም የለም። በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ደፉ ላይ የወንድ ጫማ ተከምሯል፤ በጫማዎቹ መሃል አንበጣ ይዘላል። ውስጥ ሰባት ስምንት ወንዶች ትራስ ተደግፈው ተጋድመዋል። ሁሉም አዩኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው።

«ዋሂል አንበጣ ገብቷል። ጠዋት ተደውሎ ነበር። እኔ ነኝ ተሳስቼ የጻፍኩት።»

«ቅጹ ምን ይላል?»

«ግለሰብ ይላል።»

«እኔ ፈርሜበታለሁ?»

«ፈርመውበታል።»

«እንግዲያው ግለሰብ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልሄድ ስል ከጥግ በኩል አንድ ወፍራም ሰውዬ ቅጠል መቀንጠሱን አቁመው «ቆይ እስቲ፣ አንበጣው ከዋሂል ተነስቶ የጫቱ ማሳ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?» ብለው ጠየቁ። ኃላፊው ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ስልካቸውን ከፈቱ፣ ሹፌሩን ጠሩ። ሹፌሩ መድኃኒቱ በግቢው ዛፎች ላይ አልቋል አላቸው። ለነገ ጠዋት ተባለ።

«አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ። «ያበላሸሽውን ራስሽ አስተካክዪ።»

በማግስቱ ዋሂል ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር፤ አንበጣው ደግሞ ሲሞቀው ይነሳል። ተነስቶ ሄዷል። ማሳው ላይ የቀረው የቆመ አገዳ ነው፤ ቅጠልም ፍሬም የለው። ሴቶቹ ጀሪካን ሲደበድቡ በዋሉበት ዳር በኩል ጥቂት ረድፍ ተርፋለች፤ ለዓመት ቀርቶ ለወር የምትሆን አትመስልም።

ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ።

«ትናንት ፖሊስ ደውሎልኝ ነበር» አሉኝ፣ ከእኔ ባላነሰ አማርኛ። «ማሽላህን የበላው ሰው ዕድሜው ስንት ይሆናል አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ክንፍ አለው አልኩት። ሰክረሃል ብሎ ዘጋብኝ።»

«ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ አባባ።»

«ድምፅሽን አውቄዋለሁ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል አብረውን የመጡት ሁለት ረጪዎች አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው የመኪናውን ሞተር አስነሱ። ሽማግሌው ሄደው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ሄዷል እኮ! ምኑን ነው የምትረጩት?»

«ትእዛዝ ነው አባባ» አለ ሹፌሩ። «ሳንረጭ አንመለስም። ቅጹ ላይ የተረጨው ስፋት የሚል አለ።»

«የቀረኝ አገዳው ነው። ላሞቼ ይበሉታል። መርዝ ከነካው እነሱንም አጣለሁ።»

«አቦ፣ እኔ ምን ላድርግ! ቅጹን የያዘችው እሷ ናት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግታዬ እንደ ልማዱ ብቅ ሲል ተሰማኝ፤ አፍሬ መለስኩት።

«አይረጭም» አልኩ። ሞተሩ ዋጠው። «አይረጭም» አልኩ ደግሜ። ረጪው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን?» አለኝ። በሦስተኛው ባለኝ አቅም ጮኽኩ፤ ልክ ያኔ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋው። «አይረጭም!» የሚለው ጩኸቴ ባዶው ማሳ ላይ ብቻውን ቀረ። ማዶ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«የምትጠየቂው አንቺ ነሽ እህቴ» አለ ሹፌሩ።

«እሺ።»

ሽማግሌው ግን በእኔ እሺታ አልረኩም። ላሞቹ ጎረቤት ዘንድ ናቸው፤ ሄደው ወደ አገዳው መንዳት አለባቸው።

«እስክመጣ አትሂጂ» አሉኝ። «ዘወር ካልሽ ይረጩብኛል። እዚህ፣ መሃሉ ላይ ቁጭ በይ።»

መሃሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «የተረጨ ስፋት» በሚለው ሳጥን ውስጥ «የለም፤ የደረስነው አንበጣው ከሄደ በኋላ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አገዳው ጥላ የለውም። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ ቆየት ብሎ ረዘም አድርጎ ነፋ። ከማዶ ሽማግሌው ላሞቹን ሲነዱ ይሰማል፤ ገና ሩቅ ናቸው። ነጠላዬን ራሴ ላይ አደረግኩና ፊቴን ከመኪናው ወደ ላሞቹ አዙሬ ተቀመጥኩ።