ፀሐይ ከአልጋ የወረደችበት ቅዳሜ

ፀሐይ ለምን ሦስት ወር ሙሉ እሺ ብላ ተኛች? ባሏ ተረፈ ይህን እስከ ዛሬ ሊመልስ አልቻለም።

ሃያ ዓመት የኦስሎን ቢሮዎች ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ለጡት ካንሰሯ የኬሞ ሕክምና ስትጀምር የሆስፒታሏ ፊዚዮቴራፒስት፣ «በየቀኑ ተራመጂ፤ ድካሙን ያቀልልሻል፣ እንቅልፍም ይሰጥሻል» ብላት ነበር። ተረፈ ግን የስፖርት ጫማዋን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ጠያቂ የሚመላለስባት ሕመምተኛ በሰፈራቸው በሞርተንሩድ ስትንሸራሸር ብትታይ ሰው ምን ይላል? ፀሐይም ቀን ተኝታ እየዋለች፣ ሌሊት ዓይኗ ፈጦ ያድር ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ጠያቂዎች ሶፋውን ሞልተው ሳለ፣ ወንበር ስባ ጫማዋን አወረደች።

«ፀሐይዬ፣ ወዴት ነው?» አሏት እትዬ ብሩክታዊት።

«ልራመድ።»

«ድነሻል እንዴ? እኛ በከንቱ ነዋ ሾርባ ተሸክመን የምንመላለሰው!»

«ሾርባውን ተረፈ ይጠጣው። መተኛቱንም እሱ ይተካኝ።»

ተረፈ በመስኮት አያት። በረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ግን አልተመለሰችም። ጠያቂዎቹ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ማታ ይቅርታ ሊጠይቃት መኝታ ቤት ገብቶ ጠራት። አልመለሰችለትም። በእኔ ተቀይማ ነው ብሎ ጎንበስ ሲል ታንኮራፋለች። ሰዓቱን አየ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።