ለተሸነፈ ቡድን ንፍሮ

የማታውቁትን ነገር አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? ፊታችሁ የተቀመጡት ሰዎች ደብተር ገልጠው ሲጠብቁ፣ «ይሄን እኔም አላውቀውም» ማለት አቅቷችሁ፣ ሰሌዳው ላይ በቀይና በሰማያዊ ማስመር ጀምራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ሙሉ ሲዝን እንዲህ አድርጌያለሁ። ያስተማርኩት የአሜሪካ ፉትቦል ነው።

የተቀጠርኩት ግን እንግሊዝኛ ላስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ላይ ነው፤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ባለ አንድ ዌርሃውስ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ የሚገባው ሰከንድ ሺፍት ከመጀመሩ በፊት። ክፍሌ የሠራተኞቹ የምሳ ክፍል ነበር። በአንድ በኩል ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ በሌላ በኩል ብስኩት የሚሸጠው ማሽን ይበራል፣ እኔ መሀል ላይ ጭምብሌን አድርጌ እጮሃለሁ።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ተማሪ «እንግሊዝኛ የሚፈልጉት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ለዜግነት ፈተና አለ። አንዱ ትልቅ መኪና ለመንዳት አለ። ከደሴ የመጡት፣ አገር ቤት የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩት ጋሼ ግን «ለአንድ ጥያቄ ነው» አሉ።

«ለየትኛው ጥያቄ?»

«ማናጀሩ ወደ ፈርስት ሺፍት እንዲያዛውረኝ። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባሱ ከትምህርት ቤት ሲያወርዳት እኔ እዚህ ነኝ። እኔ ቤት ስገባ ተኝታለች፤ ጠዋት እሷ ስትወጣ እኔ ተኝቻለሁ። ብሬክ ላይ ኮል አደርግላታለሁ። አንድ ቤት እየኖርን በስልክ ነው የምንገናኘው፣ ቲቸር። አሁን ደግሞ በስልኩም በእንግሊዝኛ መመለስ ጀምራለች።»

ጥያቄዋን አስተማርኳቸው። «ወደ ፈርስት ሺፍት መዛወር እፈልጋለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእኔ በተሻለ ይሉት ጀመር። ማናጀሩ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳንድዊቹን ይዞ እዚያው ክፍል ይመጣል። ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።

«እንዲህ ዝም ብሎ አይጠየቅም» አሉ እትዬ። እትዬ ዕቃ የሚያሽጉ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው አያርፍም፣ ጆሮአቸውም አያመልጠውም። «ሰውዬው እሁድ እሁድ የሚያየው ኳስ አለ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ሰኞ ሰው ሆኖ ይመጣል። ሲሸነፍ እንኳን ሺፍት፣ ሽንት ቤት መሄጃም አይፈቅድ።»

እዚህ ላይ ከተማዋን ላስረዳ። ኮሎምበስ የራሷ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን የላትም። በስተሰሜን፣ ሐይቁ ዳር ያለው ከተማ አንድ አለው፤ በስተደቡብ፣ ወንዙ ዳር ያለው ከተማም አንድ አለው። እኛ መሀል ነን። ቅዳሜ ሕዝቡ በአንድ ልብ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ይደግፋል፤ እሁድ ግን ጎረቤት ከጎረቤት፣ ባል ከሚስት ይለያያል። ማናጀሩ የደቡቡ ወገን ነበር። የደቡቡ ቡድን ደግሞ ለብዙ ዓመታት መሸነፍን እንደ ሥራ ይዞት የኖረ ነው።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ወሬ አልወድም፤ ሠንጠረዥ እወዳለሁ። ስለዚህ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ የእሁድ ውጤት፣ የሰኞ ፊት፣ የተጠየቀና የተፈቀደ። ማናጀሩ ስለ ሠንጠረዡ ሲጠይቀኝ «ያለፈ ጊዜ ግሥ እየተለማመድን ነው» አልኩት። በአምስተኛው ሳምንት እትዬ ትክክል መሆናቸው ተረጋገጠ። ቡድኑ ባሸነፈ ማግስት የተጠየቀ ሁሉ ተፈቅዷል። በተሸነፈ ማግስት የተጠየቀ አንዱም አልተፈቀደም። ሕግ ያገኘሁ መሰለኝና ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ማወቅ ግድ ሆነ። እሁድ ኢስትሙር ሰፈር ባለው ቤቴ ደብተር ይዤ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ፤ ሰኞ ያየሁትን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ የምቀድመው በአንድ ቀን ብቻ ነበር። «አራት ሙከራ አላቸው» እላለሁ። «በአራቱ ውስጥ አሥር ያርድ ከገፉ እንደገና አራት ይሰጣቸዋል። ካልገፉ ኳሱን ያስረክባሉ።»

«የድንበር ክርክር ነው በይን እንጂ» አሉ ጋሼ። «መሬት በስንዝር የሚገፋበት። ይሄማ ወሎም አለ።»

«እነዚያ ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ልብሶቹስ?»

«ዳኞች ናቸው፣ እትዬ። መስመር የሚለኩት።»

«በገመድ የሚለኩት? ጉቦ ይበላሉ?»

«አይመስለኝም።»

«አንቺ አላየሽ ይሆናል።»

ጋሼ ትምህርቱን ከሁሉም ቀድመው ያዙት። ችግሩ ሌላ ነበር። ቡድኑ ያሸንፋል፣ ሰኞ ይመጣል፣ የማናጀሩ ፊት ይፈካል። ጋሼ ይነሳሉ፣ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳሉ፣ ደህና ዋልክ ይላሉ። ሚስቱን ይጠይቃሉ። እናቱን ይጠይቃሉ። የእናቱን ጉልበት ለብቻው ይጠይቃሉ። ውሻውን ይጠይቃሉ። ስምንት ተኩል ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሰዓት አከብራለሁ፣ ክፍል እጀምራለሁ።

«ዛሬስ ጠየቁት?»

«ሰላምታው ገና ነው።»

ከአራት ድል በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ደስ ብሎት ነበር!»

«ሰው ደስ ባለው ቀን ጉዳይ ይጫንበታል? ነውር ነው።»

«ሲከፋውም አይጠየቅም። ታዲያ መቼ ሊጠይቁት ነው?»

«እሱ ሲጠይቀኝ። ደጅ የሚጠና ሰው ደጅ ይቆማል። ባለቤቱ ወጥቶ ‹ምን ጉዳይ አለህ?› ይላል። ያን ጊዜ ይነገራል።»

«እዚህ አገር ወጥቶ የሚጠይቅ የለም፣ ጋሼ።»

«ደጁ ላይ የቆመ ስለሌለ ነዋ።»

ከሠንጠረዡ ጎን «ሰላምታ የወሰደው ጊዜ» የሚል አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ። ይህን በብስጭት ነው ያደረግሁት።

በልማዱ ቢሆን የደቡቡ ቡድን የገና በዓል ሳይገባ ሲዝኑን ይጨርስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን አልጨርስም አለ። በጥር ያሸንፋል፤ ደግሞ ያሸንፋል። ማናጀሩ በዌርሃውሱ ውስጥ እያፏጨ ይሄድ ጀመር። ሰው ሁሉ ከእሱ ፈቃድ አገኘ፤ አንዱ ዕረፍት ወሰደ፣ አንዱ ኖርዝላንድ ሰፈር ያለ አጎቱን አስቀጠረ። ጋሼ የውሻውን ክትባት ጠየቁ። በመጨረሻም ቡድኑ ለዋንጫ ደረሰ። ከዋንጫው በፊት በነበረው ረቡዕ ተማሪዎቼን በጥብቅ አስጠነቀቅሁ። «ቢሸነፉ ለእነዚህ ሰዎች ሐዘን ነው። ሐዘን በሉት። ሰኞ ማንም ምንም እንዳይጠይቅ።»

ተሸነፉ። ለጥቂት ነው የተሸነፉት።

ሰኞ ስደርስ ክፍሉ ዝም ብሏል። ማናጀሩ ብስኩት በሚሸጠው ማሽን ፊት ቆሞ ሳይገዛ ያየዋል። ሠራተኛው ሁሉ ሳንድዊቹን ይዞ ወደ መኪናው ሸሽቷል። እኔም ሰሌዳው ላይ «ዛሬ ዝምታ» ብዬ ልጽፍ ስነሳ ጋሼ ገቡ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን ይዘዋል። ከኋላቸው እትዬ፣ በሚያብረቀርቀው የሥራ ሰደሪያቸው ላይ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከእነሱ ኋላ ሌሎቹ አራት ተማሪዎቼ በሰልፍ መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ለቅሶ» አሉ ጋሼ። «ሐዘን ነው ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።»

«ለምሳሌ ነው እኮ ያልኩት!»

«ሰውዬውን እስቲ እይው። ለምሳሌ ነው የቆመው?»

አየሁት። ለምሳሌ አልነበረም የቆመው።

ወደ እሱ ሄዱ። ጋሼ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አሉት። እትዬ «እግዜር ያጽናህ» አሉት። ሁለቱንም በአማርኛ ነው ያሉት፤ ይሄን እኔ አላስተማርኳቸውም። ወንበር ስበው፣ እሱ ራሱ ለኮሮና ያዘዘንን የርቀት ሕግ ጠብቀው፣ ዙሪያውን ተቀመጡና ዝም አሉ። ማናጀሩ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

ማስረዳት ሥራዬ ነው። «የአንተ ሲዝን» አልኩት። «በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ሰዎች መጥተው አብረውት ይቀመጣሉ። አንተ ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም። ያ ሳህን ውስጥ ያለው የተቀቀለ ስንዴና ሽምብራ ነው። ይበላል።»

ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ተቀመጠ። ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደና ንፍሮውን ቆረጠመ። ከስድስት ሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ራሱ ማውራት ጀመረ። ስለ መጨረሻዋ ደቂቃ ነገራቸው።

«አራተኛው ሙከራ ነበር?» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ።

«አራተኛው።»

«ስንት ቀርቷቸው?»

«አንድ ያርድ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በእኔ አገር በአንድ ያርድ ድንበር ሰው ይጋደላል።»

ማናጀሩ ሳህኑን አስቀመጠ። ከዚያ «ላንተ የማደርግልህ ነገር አለ?» አለ።

ባለቤቱ ወጥቶ ጠየቀ።

«የለም» አሉ ጋሼ። «የመጣነው ላንተ ነው።»

ማናጀሩ ሲወጣ እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ጋሼ ግን በእርጋታ «ለቅሶ ቤት ጉዳይ አይነሳም» ብለው ደብተራቸውን ገለጡ።

ረቡዕ ማናጀሩ አንድ ካርቶን ዶናት ይዞ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። «እትዬ በሦስተኛው ቀን እንመለሳለን ብላኛለች» አለኝ። «በሦስተኛው ቀን ምን ይደረጋል?»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሳልስትን አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚደረግም አውቃለሁ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ግን እንዲህ አልኩት፦ «በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛው በተራው የመጡትን ሰዎች ስለ ቤታቸው ይጠይቃል። ከትልቁ ይጀምራል። መልሱን እስኪጨርሱ አያቋርጥም።»

ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው ለካ እሱም። ሁሉም ዶናት ከያዙ በኋላ ወደ ጋሼ ዞረ። «ቤትህ እንዴት ነው?» አለ።

ጋሼ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ። ከመስከረም ጀምሮ ያጠኗትን ዓረፍተ ነገር የሚሏት መስሎኝ ነበር፤ አላሏትም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ቤቴ ውስጥ ልጅ አለች» አሉ። «እኔ ስገባ ትተኛለች። እሷ ስትነሳ እኔ እተኛለሁ። እሁድ እንገናኛለን። በቀረው ቀን ስልክ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከመስከረም ጀምሮ ደህና ዋልክ እያልኩህ ነው» አሉ ጋሼ።

ማናጀሩ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈና ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ቤታቸው ደህና መሆኑን፣ ዕቃ በሚያሽጉበት ቦታ ከራሳቸው በላይ ያለው ማራገቢያ ግን ከበጋ ጀምሮ እንደማይሠራ ነገሩት። በማግስቱ ተሠራ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የጋሼ ወንበር ባዶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎቼ ወደ ሥራ ሲገቡ፣ እሳቸው የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ከፈርስት ሺፍት ሲወጡ አገኘናቸው። ቆሙና እያንዳንዱን ሰው ከነቤተሰቡ ሰላም ይሉ ጀመር።

«ይሂዱ እንጂ፣ ጋሼ!» አሉ እትዬ እየገፏቸው። «ባሱ ልጅቱን መንገድ ላይ ጥሏት ሊሄድ ነው!»

ጋሼ በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ተመለሱ። «ቲቸር፣ ያ የሦስተኛው ቀን ልማድ የየት አገር ነው?»

«የሞርስ ሮድ» አልኩ፣ እዚያው ኮሎምበስ የእኛ ሰው የሚበዛበትን መንገድ ጠርቼ።

«ደግ ልማድ ነው። ይለመድ» ብለው ሮጡ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ቡድኑ የተሸነፈበት ሰው ለማግኘት ሩቅ አትሄዱም። ስኳር የሌለበት የተቀቀለ ነገር ያዙ። አጠገቡ ተቀመጡ፣ «ለከርሞ» የምትለዋን ቃል አፋችሁ ውስጥ አቆዩዋት፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። ምን እንደፈለጋችሁ ቢጠይቃችሁ ምንም በሉት። በሦስተኛው ቀን ተመለሱና ምን እንዳላችሁ ጻፉልኝ፤ ሠንጠረዡ ላይ ቦታ ትቻለሁ።