ጎረቤቴን ያስጠናኋት እንግሊዝኛ

ዕድሜዬን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሳነብ ኖሬ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የገዛ ልጆቼ በአክሰንቴ ይስቃሉ። ስለዚህ በኮሮናው ጊዜ፣ በምንኖርበት ዋይትሆል ከተማ፣ ከእኛ እታች ቤት የምትኖረው ቻይናዊቷ ሊን ለዜግነት ቃለ መጠይቅ አስጠኚኝ ስትለኝ ኮራሁ። ካላለፈች ባሏን ቶሎ ማምጣት አትችልም።

በየቀኑ ማስካችንን አድርገን ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። አንቀጽ ታነባለች፤ እኔ እጠይቃለሁ። ሰዋስዉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ችግሯ፣ ሲጠይቋት አንገቷን ነቅንቃ ዝም ማለቷ ነው።

“ኦፊሰሩ ፊት እንዲህ ከተዘጋሽ አለቀልሽ” አልኳት።

“ታዲያ ምን ላድርግ ቲቸር?”

“አንቺ ጠይቂኝ። እኔ እንደምመልሰው መልሺ።”

ሁለት ወር ሙሉ ጠየቀችኝ፤ አንድም ነገር ሳያመልጣት ደብተሯ ላይ ጻፈች።

የፈተናዋ ዕለት እያለቀሰች ደወለች። “ሰውየው አምቡላንስ ጠራብኝ!”

“ምን ሆነሽ?”

“ምንም! ማንበብ ትችያለሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩ። መጻፍስ አለኝ፤ አዎ አልኩ። በሦስተኛው ማስኩን ይዞ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ።”

“እስቲ፣ እንዴት አድርገሽ ነው አዎ ያልሽው?”

“እንዳንቺ ነዋ!” አለችና፣ እንደ እኛ እንደ ደሴ ሴቶች፣ ትንፋሿን ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሳበችው።