የማን እናት

ልጄ ሲቀበር ስሜም አብሮት ሄደ። እኛ ሰፈር ወልዳ በራሷ ስም የምትጠራ ሴት የለችም፤ እኔም እሱን ከወለድኩ ጀምሮ ገበያውም ጸሎት ቤቱም የሚያውቀኝ በእሱ ስም፣ «የእገሌ እናት» ተብዬ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ከአረካ ወደ ሶዶ ሲመለስ ሞተር ሳይክል ገደለብኝ። ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶቼ ያንን ስም አፋቸው ላይ ማምጣት ፈሩ። «እህቴ» አሉኝ፣ «መምህርት» አሉኝ። አዝነውልኝ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን ተናደድኩባቸው።

ደግሞ ማልቀስ አልተፈቀደልኝም። የጸሎት ቤታችን ሰዎች «ጌታ ጋ ነው፣ አታልቅሺ» እያሉ ዘመሩልኝ። እኔም እንደ ጥሩ አማኝ እንባዬን ዋጥኩ። እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አልወርድ አለኝ፣ ክፍል ገብቼ ጠመኔ እንደያዝኩ ፈዝዤ መቆም አመጣሁ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከሩቅ ተመድባ የመጣች፣ ልጄን የምታክል ወጣት ናት። «ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፣ ባይርብዎትም በሰዓቱ ይብሉ» ነው ምክሯ። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አልኩ በሆዴ። ቢሆንም ተራመድኩ። እንቅልፌ ትንሽ ትንሽ ተመለሰ። ሐዘኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን «ሰፈር ውስጥ ማን ብለው ነው የሚጠሩዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩት። አታልቅሺ አላለችኝም፤ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲወጣልኝ ጎረቤቶቼ በልጄ ስም መጥራት እንደተዉ ነገርኳት።

«በእሱ ስም እንዲጠሩዎት ይፈልጋሉ?»

«በጣም።»

«እነሱስ ይህን ያውቃሉ?»

ከየት ያውቃሉ? ስናደድ እንጂ ስናገር ማን ሰማኝ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ጓሮዋ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። ልጄ ከእሷ ልጆች ጋር አንድ ገበታ ላይ በልቶ ነው ያደገው።

«በልጄ ስም ጥሪኝ» አልኳት።

መፋቂያውን አስቀመጠች። «ሆድሽን እንዳላባባው ብዬ እኮ ነው።»

«ይባባ። እናንተ ካልጠራችሁኝ ጭራሽ ያልወለድኩ ልመስል ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ የእሱን ስም ጠርታ እናቱ አለችኝ። ስሙን ስሰማ፣ በልማድ፣ የሚወጣ መስሎኝ ወደ ደጃፌ ዞርኩ። በሩ እንደተዘጋ ነው።

«አቤት» አልኳት።