ሰዓት የማያሳልፈው ነጂ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ ከዘቢደር ሱቅ ደጃፍ ያለው ድንጋይ የአንድ ሽማግሌ መቀመጫ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ሰፈሩ «አባባ ባቡር» ይላቸዋል። የባቡር ነጂ ቆባቸው በፀሐይ ነጥቷል፤ ግንባሩ ላይ ያለችው የናስ ምልክት ግን ዛሬም ታበራለች።

ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የለቀሙትን የባሕር ዛፍ ስንጥር በፌስታል ይዘው ይመጡና በሰንጢ እየጠረቡ የባቡር ጣቢያ ይሠራሉ። ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ የትኬት መቁረጫዋ ቀዳዳ እንኳ አትቀርም። ከዚያ ጣቢያዎቹን መሬት ላይ ደርድረው፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠሩትን ባቡር በጣታቸው እየገፉ ያሳልፉታል። አንዲት ጣቢያ ደጅ ላይ ከክብሪት እንጨት የተሠራች ነገር አለች፤ ዘቢደር አልጋ ትመስላት ነበር። እዚያ ሲደርሱ ባቡሩን ያቆማሉ፣ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ብዙ ይቆያሉ።

አንድ ቀን አላስቻላትም። «አባባ፣ እዚህች ጋ ብቻ ምነው እንዲህ ቆዩ?»

«እኔ ስነዳ ሰዓት አሳልፌ አላውቅም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያን ቀን ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው፣ ቁም እያሉ ነጠላ ያውለበልቡልኝ ነበር። የኔ ባቡር እዚያ ጣቢያ አይቆምም። ጡሩምባ ነፍቼ አለፍኩ። ቃሬዛው ላይ የነበረችው ምጥ የያዛት ሚስቴ መሆኗን የሰማሁት ስመለስ ነው፤ ከተቀበረች በኋላ።»

ዛሬ ዛሬ የቸኮለ ደንበኛ ጣቢያዎቹን ሊሻገር እግሩን ሲያነሳ፣ ዘቢደር ከባንኮኒው ጀርባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስቆመዋለች።

«ቆይ፣ ሰው እየተሳፈረ ነው።»