በባቄላው ሥር የሚኖሩት

ትናንት የልጄ ሚስት ከገበያ እሸት ባቄላ ከነሥሩ ገዝታ መጣች። እሸቱን ለልጆቹ ትቼ ሥሩን ሳገላብጥ አይታ፣ "እማማ፣ አፈሩን ምን ሊያደርጉት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተሰካኩትን ዕብጠቶች ሳይ አዳዳ ዘይነባ ትዝ ብላኝ ነው።

አዳዳ የአባቴ እህት ናት። ልጅ ስላልነበራት እኔ ልጇ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ የሚወስደኝ ወደ እሷ ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ አንድ ማሳ ነበራት። በዚያ ዘመን የከብት በረት ከቦታ ቦታ ይዛወርና ከብቱ ባደረበት፣ እበት በጠገበው መሬት ላይ ገብስ ይዘራል። የአዳዳ ከብቶች ግን ባሏ በሞተ ማግስት በበሽታ አለቁ። መሬቱ ደከመ፣ ገብሱም እየገረጣ ሄደ። አጎቴ ከአቦምሳ "ማሳውን ተይውና እኔ ጋ ነይ" እያለ ይልክባት ነበር። እሷ ቆላ አትወድም፤ እኔ ደግሞ ትሄድብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ "ዘንድሮ ባቄላ ዘርቼ መሬቱን ላሳርፈው፤ የከርሞው ገብስ እምቢ ካለኝ እሄዳለሁ" አለች።

ባቄላው አብቦ ማሳው ሲያውድ ለአረም ገባን። አንዱ ባቄላ ተነቅሎ ሲወጣ ሥሩ ሁሉ ዕብጠት ነው። "ያ ረቢ! ኪንታሮት አወጣ!" አለችና በሽታው ሳይዛመት ብላ መንቀል ጀመረች። በማግስቱ አንዱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ከጎጃም ተመድበው የመጡት የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ደምሴ ዕብጠቱን በምላጭ ሰነጠቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ነው።

"በሽታ አይደለም ልጄ" አሉ። "በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቤት ሠርተውበት ነው። ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለባቄላው ምግብ ያደርጉለታል፤ እሱም ከስኳሩ ያካፍላቸዋል። ሥሩ አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ደግሞ የተረፈው ለገብሱ ነው።"

እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት። ግማሹን ማሳ ነቅላዋለች። ናይትሮጅኑም ስኳሩም ጉዳይዋ አልሆነም፤ በዓይን የማይታዩ፣ ቤት የሠሩ ስላት ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

"ጂን ናቸዋ! ቢስሚላሂ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። "የሰው ቤት ሳፈርስ ዋልኩ እኮ! ነይ ውጪ፣ እንዳትረግጫቸው።"

ጂን አይደሉም ብል ማን ሰምቶኝ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሳው ዳር ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ "አካም ጂርቱ?" ብላ ደህንነታቸውን ሳትጠይቅ አትገባም ነበር። መምህር ደምሴ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና "ዋናው መንቀሏን መተዋ ነው" አሉ።

በከርሞው ገብሱ ሲያድግ ማሳው ለሁለት ተከፍሎ ታየ። ባቄላው የተነቀለበት ወገን እንደ ወትሮው ገርጥቷል፤ እጇን ከሰበሰበችበት ወዲያ ያለው ግን ከአረንጓዴነቱ የተነሣ ይጠቁራል። አዳዳ መሃሉ ላይ ቆማ "ውለታ ያውቃሉ፣ አየሽ?" አለችኝ። አቦምሳ መሄዱም በዚያው ቀረ። ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ልጆቼ በዚያው ማሳ ማዳበሪያ በከረጢት እያመጡ ይበትናሉ። ስንዴውም ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም። ብቻ ማሳ ገብቶ ሰላም የሚል ሰው አላይም። ትናንት ሥሩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና አንዱን ዕብጠት በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ያው ቀይ ነው። የልጄ ሚስት አለማየቷን ካረጋገጥኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ "አካም ጂርቱ?" አልኳቸው።