ፎጣውን የሚያነሳው ደንበኛው ነው

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ የተሰጠኝ መሣሪያ ፎጣ ነው። መቀሱ፣ ቶንዶዙና ምላጩ መስታወቱ ሥር ተደርድረው እያየኋቸው፣ ጋሽ ሙዘይን የፎጣ ክምር እቅፌ ላይ ጣለና «ያንቺ ዕቃ ይሄ ነው» አለኝ።

ጋሽ ሙዘይን የፀጉር ቤቱ ባለቤት ነው። ቤቷ ላፍቶ ውስጥ፣ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሰፊ ግቢ አጥር ጋር ተያይዛ የተሠራች ክፍል ናት። ሁለት ወንበርና አንድ ማጠቢያ አላት፤ የወንዶች ናት። በሩ ላይ «ሴት ፀጉር አጣቢ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ቤት ተቀምጬ ከእናቴ ጋር የምጨቃጨቅበት ወቅት ነበር።

«ለምን ሴት?» አልኩት ገና ሳልቀጠር።

«ወንድ ራሱን ሲታጠብ የሴት እጅ ይወዳል።»

«ሲላጭስ?»

«ሲላጭማ የሚሰጠው አንገቱን ነው፤ ለሴት አያምንም» አለኝ።

ደረጃው እንዲህ ነበር። ከታች አጣቢዋ እኔ አለሁ። ከእኔ በላይ ክንፈ የሚባል ዋና ፀጉር አስተካካይ አለ። ከክንፈ በላይ ጋሽ ሙዘይን አለ፤ እሱ መቁረጥ ከረሳ ቆይቷል፣ ሒሳብ መቀበል ግን አልረሳም። ከሁላችንም በላይ ኦቦ ቶላ አሉ።

ኦቦ ቶላ የግቢው ጌታ ናቸው። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል። በተረፋቸው ግቢ ላሞች ያረባሉ፤ የአጥሯን ክፍል ደግሞ ለጋሽ ሙዘይን አከራይተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ወተቱን ለየደንበኛው አድርሰው ሲመለሱ ጺማቸውን ይላጫሉ። ቅዳሜን ሰማይ ቢደፋ አይቀሩም። እኔን በኦሮምኛ «ኢንታላ»፣ ልጅት፣ እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ስሜን ለማወቅም ቸኩለው አያውቁም።

ክንፈ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ሙያ ፎጣ አያያዝ ነው። ፎጣውን የፈላ ውሃ ውስጥ ትነክሪያለሽ፣ ጨምቀሽ ክንድሽ ላይ ሙቀቱን ትሞክሪያለሽ፣ ከዚያ አፍንጫውን ብቻ አስቀርተሽ የሰውየውን ፊት ትሸፍኛለሽ። ጺሙ ለምላጭ እንዲለሰልስ ነው።

«ምን ያህል ልጠብቅ?» አልኩት።

«ራሱ እስኪያነሳው።»

«ከቀዘቀዘስ?»

«ይቀዝቅዛ። ፎጣውን የሚያነሳው ደንበኛው ነው። አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ።»

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን አንድ ኮንትራክተር በስልክ ሠራተኛውን እየሰደበ ገብቶ ተቀመጠ። ፎጣውን አለበስኩት። ቆየ፤ በጣም ቆየ። ሰውየው እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ አነሳሁለት። እንቅልፍ አልወሰደውም። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጉንጩ ርሷል።

«ትኩስ ነበር» አለኝ።

ፎጣው እጄ ላይ በረዶ ሆኗል። ክንፈ በክርኑ ገፋ አደረገኝና ያንኑ ቀዝቃዛ ፎጣ መልሶ አለበሰው። ሰውየው ከፎጣው ሥር ሆኖ አመሰገነ።

ከዚያ ወዲህ ማስተዋል ጀመርኩ። የሰፈራችን ወንዶች የሚያለቅሱት ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ለቅሶ ቤት ነው፤ እዚያም ቶሎ ብለው ይጠርጉና ካርታ ይጫወታሉ። ሁለተኛው እኛ ጋ ነው። እኛ ጋ ሲሆን ስሙ እንፋሎት ይባላል።

ወንድ አይቆነጃጅም የሚለውንም እዚያው ነው የተማርኩት። ከሚሉት አንዱ የፊት ቅባት ይፈልጋል፤ ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ ይላል፣ አላፊ አግዳሚ እንዳያየው። ሌላው ለትዳር ሽማግሌ ሊልክ ሽበቱን ቀለም ይቀባል፤ «ቀለም ነው እንዳትዪ፣ ዘይት ነው በይ» ይለኛል። ማን እንደሚጠይቀኝ አላውቅም። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ትምህርቱ የሚጀመረው በልጅነት ነው። እሑድ እሑድ እናቶች ወንዶች ልጆቻቸውን ያመጣሉ። ቶንዶዙ ጆሮው ሥር ሲጮህ ልጁ ያለቅሳል። «ወንድ አይደለህ እንዴ? ወንድ ያለቅሳል?» ትለዋለች እናትየው። ያችው እናት፣ በዚያው ቀን፣ ጎረቤት ሹሩባ ስትሠራ ላለቀሰችው ልጇ «የኔ እናት፣ ራሷ እኮ ስስ ነው» ብላ ብስኩት ስትገዛ አይቻለሁ። አባትየው ውጭ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። የቆሸሸ ውሃ ልደፋ ስወጣ አየሁት። የስልኩ መብራት ጠፍቷል፤ ማንም አልደወለለትም። የልጁን ለቅሶ መስማት አልቻለም፤ አልቻለም እንዳይባል ግን ጆሮው ላይ ስልክ ይዞ «እሺ፣ እሺ» ይላል።

ከጊዜ በኋላ ክንፈ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የራሱን ቤት ከፈተና ሄደ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ፊኛ ሳሙና እየቀባሁ እላጭ ነበር። መጀመሪያ ይፈነዳ ነበር፤ በኋላ ተወ። ጋሽ ሙዘይን ይህን ያውቃል። «ወንድ እስካገኝ ድረስ» ብሎ የምላጩን እጀታ ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ሳሙና ከተቀባ በኋላ ምላጭ የያዘችው እኔ መሆኔን በመስታወት አየ። «ሴት ወንድ ስትላጭ የት አገር ታይቷል?» ብሎ ተነሳ። አረፋውን በመሀረብ እየጠረገ በአስፋልቱ ሲሄድ በመስኮት አየሁት።

ያዳኑኝ ኦቦ ቶላ ናቸው። ቅዳሜ ሲመጡ ወንበሩ ላይ ተደላደሉና «ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ በምላሷ ስትላጨኝ አልሞትኩም፤ ይቺ ኢንታላ በምላጭ ብትላጨኝ ምን እሆናለሁ?» አሉ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሳቁ። እሳቸው ከተላጩ በኋላ ሌላው ፈራሁ ማለት አፈረ። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ወንበር ወረፋ ነበረው።

ስለዚህ ቀጥሎ የምተርከውን ስትሰሙ የሰውየው ውለታ እንዳለብኝ እወቁልኝ።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ቶላ ልጃቸውን ግርማን ይዘው ገቡ። ግርማ ከላፍቶ ሜክሲኮ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ነው። የመጀመሪያ ልጁ ሴት ነበረች። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተችበት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለሕፃን ስለማይጣል ድንኳን አልተጣለም። ሴቶቹ እናትየውን ከበው ተቀመጡ። እሱን «ሚስትህን አበርታ» አሉትና ጀሪካን አስያዙት። ውሃ ቀዳ። በማግሥቱ ታክሲውን አወጣ። አንድ ያልታዘዘው ነገር ጺሙን መላጨት ነው።

ጺም የሚያድገው ለአባት ነው፣ ለእናት ነው፣ ለወንድም ነው። ለጨቅላ ጺም ያሳደገ ሰው በሰፈራችን አልታየም። ስለዚህ ተወራ።

«ሙልጭ አድርገሽ ላጪልኝ» አሉ ኦቦ ቶላ፣ የልጃቸውን ትከሻ ተጭነው እያስቀመጡ። «ሰው ምን ይላል? ክርስትና ላልተነሳች ልጅ ጺም? እኔ ስሞት ምን ሊያሳድግ ነው፣ ጎፈር?»

ግርማ የታክሲውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እኔ ሁለት ሕፃን ቀብሬያለሁ» አሉ ወደ አግዳሚው ዞረው። «በማግሥቱ እርፍ ጨብጬ እርሻ ወርጃለሁ። አንድ ሰው አላወቀብኝም።» ይህን ያሉት በፉከራ ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰርኩ ሁሉም የሚለውን አልኩት፤ «እናቷ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ። «ሁሉም ስለ እሷ ይጠይቀኛል፤ ጥሩ ነው። ስለ እኔ የጠየቀኝ አንድ ትራፊክ ብቻ ነው» አለኝ።

«ምን ብሎ?»

«ጥፋት አጥፍቼ አስቆመኝ። ጺሜን አየና ‹ሐዘን አለብህ እንዴ?› አለኝ። ልጄ ሞታ ነው አልኩት። ‹ስንት ዓመቷ ነበር?› አለኝ። በዓመት የሚቆጠር የላትም። ዝም ስለው መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ከትራፊኩም አምልጠሃል፤ አሁን ተላጭ» አሉ አባቱ።

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ፎጣውን ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ክንዴ ላይ ሞክሬ አለበስኩትና መጥረጊያዬን ያዝኩ።

ቆየ። ጨርቁ ሥር ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልካቸው ላይ ሥራ በዛባቸው። ኦቦ ቶላ ግን ቆመው ያያሉ። መጨረሻ ላይ «ይበቃል፣ ቀዝቅዟል» ብለው እጃቸውን ወደ ፎጣው ሰደዱ። እጃቸውን ያዝኩት።

«ኦቦ ቶላ፣ ፎጣውን የሚያነሳው ደንበኛው ነው።»

«ደንበኛው እኔ ነኝ። ያመጣሁት እኔ።»

«እርስዎ ቆመዋል።»

ጋሽ ሙዘይን ከባንኮው ኋላ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል። የክፍሏ ኪራይ ውል የሚታደስበት ጊዜ ቀርቧል፤ ፈራሚው የያዝኩት እጅ ነው። ለቀቅኳቸው፤ ግን ከወንበሩ ፊት አልተነሳሁም።

ግርማ ፎጣውን ራሱ አነሳው። ማንም ፊቱን አላየም፤ ማለት ሁሉም አይቶ አላየም።

«ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ አባቱን አየ። «አንገቴን ብቻ አጽጂልኝ። ጺሙ አርባዋ እስኪወጣ ይቆይ።»

«ላጪው ብያለሁ» አሉ ኦቦ ቶላ።

«እኔ የምታዘዘው ከወንበሩ ነው» አልኩ። አንገቱን አጸዳሁ፣ አልኮል ቀባሁለት፣ በብሩሽ አራገፍኩት። ኦቦ ቶላ የራሳቸውን ጺም ሳይላጩ ወጡ። ቅዳሜ ሳይላጩ ሲወጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሩ ሳይዘጋ ጋሽ ሙዘይን ጀመረ። «አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ልታዘጊው ነው?»

«ሰውየው አልላጭም አለ፤ ምን ላድርግ?»

«ሰውየው ኦቦ ቶላ ናቸው። እሱ ልጅ ነው።»

«ልጅ ከሆነማ ያልቅሳ» አልኩት።

ይቺ መልስ ወደ ማጠቢያው መለሰችኝ። በሦስተኛው ቀን ወንበሬ ላይ አንድ ወንድ ተቀጠረ። ፊኛ ላጭቶ እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ፤ ደንበኞቹ አገጫቸው ላይ ሶፍት ለጥፈው ይወጡ ነበር። ሆኖም ሴት ነው ብሎ ከነሳሙናው የተነሳ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦቦ ቶላ አልመጡም። ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጡም። ጋሽ ሙዘይን በሩን እያየ «ውሉን ሊያፈርሱት ነው» ይላል፤ ከዚያ እኔን ያያል። ወተት ይዘው በደጃችን ሲያልፉ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ሰላም ላለማለት ነው ብዬ እኔም ፊቴን አዞርኩ። የተኳረፍን መስሎኝ በደንብ ተኳረፍኩ።

ሌላ ሥራ መጠያየቅ በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ተከታትለው ገቡ። የግርማ ጺም ፊቱን ሙሉ ሸፍኗል። ኦቦ ቶላ በሩን ዘጉና ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ፈቱ። ነጭ ጺም። ሙሉ፣ ያልተነካ፣ የሳምንታት ጺም።

ዝም ማለት የማያውቀው ጋሽ ሙዘይን «ኦቦ ቶላ... ሐዘን ነበረዎት እንዴ?» አለ።

«ውሃ ጠፍቶ ነው» አሉ።

በዚያ ሰሞን፣ እንደ ተአምር፣ ውሃ አንድም ቀን አልጠፋም ነበር። ማንም ይህን አላነሳም።

«ያቺ አመጸኛ ኢንታላ የት አለች?»

«ማጠቢያው ጋ ናት» አለ ጋሽ ሙዘይን።

«ምላጭ ስጧት።»

አዲሱ ልጅ የምላጩን እጀታ ሰጠኝና ወደ ጥግ ሄደ። ግርማን ጠየቅኩት። «አሁን ላጪው» አለ። ፎጣ፣ ሳሙና፣ ምላጭ። ስጨርስ ፊቱን ዳሰሰ፣ ተነስቶም ወንበሩን ለአባቱ ለቀቀ።

ኦቦ ቶላ ተቀመጡ። ጨርቁን እያሰርኩ እሳቸውንም ጠየቅኳቸው፤ «ምን ላድርግልዎ?»

«ሙልጭ» አሉ። ከዚያ እኔ ብቻ እንድሰማ ዝቅ አድርገው፣ «የሦስቱም አርባ ወጥቷል» አሉ።

ፎጣውን አለበስኳቸው። ወለሉ ተጠርጎ ነበር፤ እንደገና ጠረግኩት። ሁለት ጊዜ ሳልጠርገው አልቀርም፤ ፎጣው ቀዘቀዘ፣ ደረቀ፣ እሳቸው አላነሱትም። ግርማ አግዳሚው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ እሱም አላነሳውም።

አሁን ወንበሩ የእኔ ነው። አዲስ ምላጭ ለሚይዙ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ምን ላድርግልህ ብላችሁ የተቀመጠውን ጠይቁ። የቆመውን ደግሞ ሲቀመጥ ጠይቁት።